ሰኔ በሮስተር

ሰኞ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቦኬ

አረፋ ዓርብ ዕለት ውሎ ዛሬ ሥራ ገባን። የመምህራን ማረፊያው ወሬ ሁሉ ሮስተር ነው። ስም ጠሪ ሆኖ ያላየ ሰው ይህን ጭንቀት አያውቀውም፤ በአንድ በኩል የክፍሉ ተማሪዎች ስም፣ በሌላ በኩል የትምህርት ዓይነቱ ሁሉ፣ በመጨረሻ ድምር፣ አማካይና ደረጃ። ድሮ በሰፊ ወረቀት፣ በማስመሪያና በካልኩሌተር ይሠራ ነበር። አሁን በኤክሴል ነው፤ ግን አብዛኞቻችን ኤክሴሉን የምንሞላው ያው እንደ ወረቀቱ ነው። ድምሩን በካልኩሌተር አውጥቶ ሴሉ ላይ የሚተይብ ባልደረባ አለኝ። "ማሽኑን አላምነውም" ይላል። እጁ ላይ ያለውስ ማሽን አይደለም ወይ ብለው አልወደደልኝም።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። "ዘንድሮ አንድ ፋይል ይሁን። ሁሉም እዚያው ይሙላ፤ ሪከርድ ክፍልም ካርዱን ከዚያው ታውጣ። አንተ ታውቅበታለህ።" እዚህ የአይቲ መምህር መሆን ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም መጠራት ነው። "እሺ ኦቦ" ብዬ ወጣሁ።

የማስበው ሰው የሚተይብበትን ቦታ ማጥበብ ነው። መምረጥ የሚቻለው ነገር አይተየብ። ለዚህ የሚሆኑት ዕቃዎች ኤክሴል ውስጥ አሉ፤ ፎርም ኮንትሮል ይባላሉ፦ ኮምቦ ቦክስ፣ ቼክ ቦክስ፣ ኦፕሽን በተን፣ ስፒን በተን፣ ተራው በተንም አለ። ብዙ ሰው ለዓመታት ኤክሴል ሲሠራ ኖሮ ያላያቸው ዴቨሎፐር የሚባለው ታብ ተደብቆ ስለሚመጣ ነው። ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ከስተማይዝ ሪበን ገብቶ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ዛሬ ስም ብቻ። ከየመምህሩ የመጣውን ፋይል ጎን ለጎን ከፈትኩት። አንዱ ተማሪ በአንዱ ፋይል በቁቤ ሕግ አናባቢው ተደግሞ፣ በሌላው እንደ እንግሊዝኛው፣ በአማርኛው መምህር ፋይል ደግሞ በፊደል ተጽፏል። ፊደሉም አይስማማም፤ የአንደኛው ሴሚስተር "መሐመድ" በሁለተኛው "መሀመድ" ሆኗል። ለእኛ አንድ ነው። ለኤክሴል ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ በቪሉክአፕ ብትፈልገው የለም ይልሃል። በምዕራብ ሐረርጌ መዝገብ ላይ ደግሞ መሐመድ፣ አህመድ፣ አብዲ የማይደጋገምበት ክፍል የለም። እስከ አያት ካልተጻፈ ማን ማን እንደሆነ አይለይም።

ስለዚህ ስሙ በአንድ ሺት ላይ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ሪከርድ ክፍል ከልደት ወረቀቱና ከ8ኛ ክፍል ካርዱ ጋር ታመሳክረዋለች። ሌላው ቦታ ሁሉ ከኮምቦ ቦክስ ይመረጣል።

የፎርም ኮምቦ ቦክስ ጠባይ መጀመሪያ የሚያየውን ሰው ያናድዳል። ዝርዝሩ የት እንዳለ ትነግረዋለህ፣ መልሱን የሚጥልበትን ሴል ታያይዝለታለህ፤ ስም ስትመርጥ ግን ሴሉ ላይ የሚጥለው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። ከላይ 14ኛውን ልጅ ከመረጥክ 14። የሪከርድ ክፍሏ ሠራተኛ አይታ "ስም መርጬ ቁጥር ሰጠኝ፣ ተበላሽቷል መሰል" አለችኝ። ስሙን ኢንዴክስ በሚባለው ፎርሙላ መልሶ ማምጣት ነው። እኔ የምወደው ይህንኑ ጠባዩን ነው። የስሙ አጻጻፍ ቢታረም የሚታረመው አንድ ቦታ ነው።

ግን ይህ ቁጥር ተራ ቁጥር እንጂ መታወቂያ አይደለም። በኅዳር አንድ ልጅ ተዛውሮ ቢመጣና ዝርዝሩ በፊደል ተራ እንደገና ቢደረደር የ14ኛው ውጤት ለሌላ ልጅ ይሄዳል። ውጤቱ የሚቀመጠው በተማሪው መለያ ቁጥር ነው፤ ኮምቦው እስከዚያ ያደርሳል እንጂ ከዚያ አያልፍም።

ሌላም ውሳኔ ዛሬ ወሰንኩ። መምህራኑ ግማሽ ያህሉ የሚሞሉት በስልክ ነው። የስልኩ ኤክሴል ማክሮ፣ ማለትም ቁልፎቹን የሚያሠራውን አጭር ፕሮግራም፣ አያስኬድም። ስለዚህ የመምህራኑ ሺት ላይ ኮንትሮል የሚባል ነገር አላስገባም፤ ከ0 እስከ 100 ብቻ የሚቀበል ዳታ ቫሊዴሽን ይበቃል። ቁልፎቹ ሁሉ ሪከርድ ክፍል ባለው ኮምፒውተር ላይ ይቀራሉ። ለውጤት መሙያ ስፒን በተን እናድርግ ያለም ነበር። ስፒን በተን በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚሄደው፣ ግማሽ ነጥብ አያውቅም፤ 73 ለመድረስ ሰባ ሦስት ጊዜ መጫንስ ምን የሚሉት ነው?

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ኤክሴል ሳይነገረው በየ10 ደቂቃው ነው ለመጠባበቂያ የሚያስቀምጠው፤ ለዚህ አገር 10 ደቂቃ ብዙ ነው፣ መብራት ሲመጣ ወደ 2 አወርደዋለሁ። ከግቢ ውጭ ሆጃ እየጠጣን የቀን መቁጠሪያውን ነገር በወረቀት ሠራሁት።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

የልደት ቀን። ካርዱ ላይ ዕድሜ መውጣት አለበት።

ኤክሴል የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም። የሂጅራውን ያውቃል፣ የታይላንድን ያውቃል፤ የእኛን አያውቅም። ችግሩ ያለማወቁ ብቻ አይደለም፣ ያወቀ መምሰሉ ነው። አንድ ልጅ መስከረም 30 ቀን 2002 ተወለደ ብለህ 30/1/2002 ብትጽፍ፣ ጃንዋሪ 30 ነው ብሎ ይቀበልሃል፤ የ15 ዓመቱን ልጅ 23 ያደርገዋል። ጥቅምት 30 ብትጽፍ ደግሞ 30/2 የሚባል ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜንም እንደዚያው፤ 13ኛ ወር የት ያውቃል? ባለፈው ዓመት ፋይል ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ የሆነ ዓምድ ያገኘሁት በዚህ ምክንያት ነው። ዕድሜ ማስላት የጀመረው ሰው ተስፋ ቆርጦ ትቶታል፤ አልፈረድኩበትም።

መፍትሔው ሦስት ኮምቦ ቦክስ ነው፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። የወሩ ዝርዝር 13 መስመር አለው። ወሩ ሲመረጥ አጭር ማክሮ ይነሳና የቀኑን ዝርዝር ርዝመት ይለውጣል፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ 30፣ ለጳጉሜን 5 ወይም 6። ኮምቦው ዝርዝሩን የሚያነብበትን ቦታ ሊስትፊልሬንጅ በሚባለው ንብረቱ በኩል መቀየር ነው፤ ከዚያ በላይ የማክሮ ሥራ የለበትም። ስድስት የሚሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። 2015 እንዲያ ነበር፣ 2019 እንዲያ ይሆናል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ዘመነ ሉቃስ ብሎ ኮምፒውተር ሳይፈልግ ይነግርሃል።

ቀጥሎ ሦስቱን ቁጥሮች ኤክሴል ወደሚያውቀው ቁጥር መለወጥ። ለኤክሴል ቀን ማለት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ የተቆጠረ ቁጥር ነው። (ፌብሯሪ 29 ቀን 1900 የሚባል ያልነበረ ቀንም ይቆጥራል፤ ከእሱ በፊት ከነበረው ሎተስ 1-2-3 ጋር እንዲስማማ ሲባል የቀረ ነው። በዚያ ዘመን የተወለደ ተማሪ ስለሌለን አይጎዳንም።) ዓርብ በወረቀት ያወጣሁት ይሄ ነው፦ ከዓመቱ 1 ቀንሶ በ365 ማባዛት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ሙሉውን ቁጥር መደመር፤ ከወሩ 1 ቀንሶ በ30 አባዝቶ መደመር፤ ቀኑን መደመር፤ ከሁሉ ላይ 690799 መቀነስ። መስከረም 1 ቀን 2000ን ስሞክረው 39337 መጣ፤ ፎርማቱን ስቀይረው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007። ሚሌኒየሙ! ትክክል ነው።

ለማጣራት የአማርኛው መምህር አንድ ፈተና አመጣ። "ሰኔና ሰኞ መቼ መቼ እንደገጠሙ ይንገረን።" ሰኔ 1ን በየዓመቱ አስገብቼ ዊክዴይ በሚባለው ፎርሙላ አየሁት። ዘንድሮ እሑድ ነበር። ወደ ኋላ ስሄድ በ2012 ሰኞ ሆኖ አገኘሁት፤ ትምህርት ቤት መጋቢት ላይ ተዘግቶ ልጆቹ ያለ ፈተና የቀሩበት የኮሮና ዓመት። መምህሩ ጠረጴዛውን መታ፤ "አላልኳችሁም!" ወደ ፊት ስሄድ የ2018 ሰኔ 1ም ሰኞ ነው። ይህን ለርዕሰ መምህሩ እንዳትነግሩ ተባባልን።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

መጽሐፍ ያልመለሰ ካርድ አይወስድም። ይህን ለመቆጣጠር በየተማሪው አጠገብ ቼክ ቦክስ አደረግን።

አንዱን ቼክ ቦክስ ሠርቶ ወደ ታች መጎተት ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው፤ የሪከርድ ክፍሏም እንዲሁ አደረገች። አንዱ ሲመረጥ ሁሉም ተመረጠ። ሲባዛ የተያያዘበት ሴል አብሮ አይቀየርም፤ ሁሉም ቼክ ቦክሶች ያንኑ አንድ ሴል ይዘው ነው የሚባዙት። ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ቆመው አይተው "ማሻ አላህ፣ ክፍሉ በሙሉ መለሰ!" አሉ።

በእጅ አንድ በአንድ ማያያዝ ይቻላል፤ ግን ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ሲሆን ክረምቱ ያልቃል። ማክሮ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሺቱ ላይ ያሉትን ቼክ ቦክሶች በፎር ኢች ይዞራቸዋል፤ እያንዳንዱን የቆምከው የት ሴል ላይ ነው ብሎ በቶፕሌፍትሴል ይጠይቀዋል፤ ከዚያ ሴል በስተቀኝ ያለውን በሊንክድሴል ያያይዝለታል፤ አብሮት የመጣውን "ቼክ ቦክስ 1" የሚል ጽሑፍም ያጠፋል። ከስድስት መስመር አይበልጥም። ከዚያ በኋላ የመለሰው ትሩ፣ ያልመለሰው ፎልስ ይሆናል፣ በካውንትኢፍ ይቆጠራል። አንድ ነገር አይረሳ፦ ፊልተር ሲደረግ የተደበቁት ረድፎች ቼክ ቦክሶች አንዱ በሌላው ላይ ተከምረው ሊታዩ ይችላሉ። አዲሱ ማይክሮሶፍት 365 ሴሉን ራሱን ቼክ ቦክስ ማድረግ ጀምሯል አሉ። እኛ ጋ ያለው 2010 እና 2016 ነው።

ከሌላ ትምህርት ቤት በፍላሽ የመጣ ሮስተር ደግሞ አየሁ። ፆታና የጠዋት ወይም የከሰዓት ፈረቃ በኦፕሽን በተን ይመረጣል። "ሴት" ስትመርጥ ፈረቃው ይጠፋል፣ "ጠዋት" ስትመርጥ ፆታው። ኦፕሽን በተኖች ግሩፕ ቦክስ ካልተከለለላቸው ሺቱ ላይ ያሉት ሁሉ አንድ ቡድን ናቸው። ሁለት ግሩፕ ቦክስ ተሠርቶላቸው ተለያዩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14፣ ጭሮ

ቶነር ልገዛ ወረድኩ። መኪና ውስጥ ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ "አሰበ ተፈሪ ወራጅ" ነው የሚሉት፤ ረዳቱ "ጭሮ ነው አባባ" ብሎ ያርማቸዋል፣ እሳቸውም መልሰው አሰበ ተፈሪ ይላሉ።

ቶነር የገዛሁበት ልጅ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ለነጋዴዎችም የዕቃ መመዝገቢያ በኤክሴል ይሠራል። ፋይሌን ከፍቶ ሳቀብኝ። "ይሄ የአባቶቻችን ነው። ለምን በአክቲቭኤክስ አትሠራውም? ቀለም አለው፣ ፎንት አለው፣ ማውዙ ሲያልፍበት ራሱ የሚነሳ ማክሮ አለው።" እውነቱን ነው፤ ፎርም ኮንትሮል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ ሲጫኑት የተመደበለትን ማክሮ ማስነሳት። ሌላው የኮንትሮል ዓይነት፣ አክቲቭኤክሱ፣ ብዙ ያውቃል።

እኔ የተከራከርኩት በታሪኩ ነው። ማክሮ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ቪቢኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ከኤክሴል 5 ጋር መጣ፤ እነዚህ ተራ ኮንትሮሎችም የዚያ ዘመን ናቸው። አክቲቭኤክስ በኤክሴል 97 ተከተለ። በዲሴምበር 2014 በወጣ ማሻሻያ ምክንያት በዓለም ዙሪያ የአክቲቭኤክስ ቁልፎች ደነዘዙ፤ ቢጫኑ የማይሰሙ ሆኑ፤ ሰው ኢኤክስዲ የሚባሉ ፋይሎችን እየፈለገ በማጥፋት ነው ያስነሳቸው። ከአክቲቭኤክሶቹ አንዱ የነበረው የቀን መምረጫ በ64 ቢት ኦፊስ ላይ አይሠራም። ከኦፊስ 2024 ጀምሮ ደግሞ አክቲቭኤክስ ሳይጠየቅ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ተራዎቹ በዚህ ሁሉ ጊዜ ምንም አልሆኑም። የእኔ ፋይል በፍላሽ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚንከራተት ነው፤ የሚያርፍበት ኦፊስ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ቀለሙ ይቅርብኝ።

"ማክሮውስ አይዘጋብህም?" አለኝ። ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት በወረደ ፋይል ውስጥ ያለ ማክሮን ይዘጋል። ነገር ግን ፋይሉ መውረዱን የሚናገረው ምልክት ዊንዶውስ በኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ፋት 32 በሆነ ፍላሽ ሲሻገር ምልክቱ ይቀራል። የእኛ ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ ያመጣል እንጂ ማስጠንቀቂያ አያመጣም። ስለዚህ ማክሮ አስነሳ የሚለውን ቢጫ መስመር ከመጫን በፊት ፋይሉ ከማን እንደመጣ መጠየቅ የሰው ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ልጁ በዚህ ተስማማ፣ በአክቲቭኤክሱ ግን አልተስማማም። ቶነሩን ትንሽ ቀነሰልኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ወደ አዲስ አበባና ወደ ድሬዳዋ ለሚዛወሩ ልጆች መሸኛው ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ያስፈልጋል። የቪቢኤ መጻፊያው ግን ዩኒኮድ አይችልም። ማክሮው ውስጥ "ተዛውሯል" ብለህ ለጥፍ፤ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ታገኛለህ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ መጻፊያው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፣ እስካሁንም እንደዚያው አለ። ኤምኤስጂቦክስ የሚያወጣው መልእክትም አማርኛውን አያሳይም።

አንዱ መንገድ እያንዳንዱን ፊደል በቁጥሩ መጥራት ነው፤ ሀ 4608 ናት፣ በክርደብሊው ትጠራለች። አንድ ቃል ለመጻፍ የቁጥር ሰልፍ! ይህን የሚያነብ ቀጣይ ሰው ይረግመኛል። ሌላው መንገድ የተሻለ ነው። "ቃላት" የሚል ሺት አበጀሁ፤ መሸኛው ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ፣ የወራቱ ስም፣ "ተዛውሯል"፣ "ደግሟል" እዚያ በየሴሉ አለ። ማክሮው ከሴሉ ያነብባል፣ በራሱ ምንም አማርኛ አይዝም። መልእክትም በሳጥን ከማውጣት ይልቅ ከቁልፉ አጠገብ ባለ ሴል ላይ ይጻፋል።

ይህን ስሠራ ነገሩ ከፊደሉ በላይ መሆኑ ታየኝ። ጽሑፉ በሴል ከሆነ የሪከርድ ክፍሏ ራሷ ታርመዋለች። ኦሮምኛውን ከጎኑ ባለው ዓምድ ስትሞላው እኔን አልጠራችም። ማክሮ ውስጥ የገባ ነገር የእኔ ይሆናል፤ ሴል ላይ ያለ ነገር የትምህርት ቤቱ ነው። ከዚህ በኋላ ማክሮ ውስጥ የማስገባው ሌላ ቦታ ሊቀመጥ የማይችለውን ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

የደረጃ ጭቅጭቅ ሳይታተም ጀመረ። የሁለት ልጆች አማካይ 84.6 ሆኖ ይታያል፤ አንዷ ሦስተኛ፣ ሌላው አራተኛ። ከነጥቡ በኋላ የተደበቀ አለ፤ የአንዷ 84.64 የሌላው 84.58 ነው። ራንክ የሚባለው ፎርሙላ የሚያየው የተደበቀውን ነው፤ ወላጅ የሚያየው ካርዱን። አስቀድሞ በራውንድ ካጠጋጋነው ሁለቱም ሦስተኛ፣ ቀጣዩ አምስተኛ ይሆናል። የሚወስነው ስብሰባው እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ ሁለቱንም አሳየሁ። ማጠጋጋቱ አሸነፈ። ብቻዋን ሦስተኛ የነበረችው ልጅ ስም ጠሪ እስከ ምሳ አላናገረኝም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ካርድ መታተም ጀመረ። ለየክፍሉ አንድ ቁልፍ አለ፤ ማክሮው ግን አንድ ነው። ሲነሳ በአፕሊኬሽን ኮለር የጠራኝ የትኛው ቁልፍ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ የቁልፉ ስም የክፍሉ ስም ስለሆነ የማንን ካርድ እንደሚያወጣ ያውቃል። አዲስ ክፍል ሲከፈት ቁልፉን ኮፒ አድርጎ ስሙን መቀየር ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ላይ "አትም" የሚለው ቁልፍ ራሱ ታትሞ ወጣ። ፕሪንት ኦብጀክት የሚለውን ምልክት ማንሳት ነው። ሺቱ በፕሮቴክት ሲዘጋ ኮምቦዎቹ መቆጣት ጀመሩ፤ የተያያዙበት ሴል ተቆልፎ መጻፍ ስላልቻሉ ነው። የተያያዙትን ሴሎች ሁሉ ወደ ሌላ፣ ወደማይቆለፍ ሺት አዛወርኳቸው። ፓስዎርድ አላደረግኩም። ርዕሰ መምህሩ "ቢነኩብንስ?" አሉ። ፓስዎርዱን የሚያውቀው ሰው ሲዛወር ፋይሉ አብሮ ስንት ጊዜ እንደሞተ እሳቸውም ያውቃሉ፤ አልገፉበትም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ዛሬ ሪከርድ ክፍል ስገባ የሪከርድ ክፍሏ ለ2018 ሁለት አዳዲስ የ9ኛ ክፍል ምድቦች ጨምራ አገኘኋት። ዝርዝሩን ሞልታለች፣ ቁልፉን ኮፒ አድርጋ ስሙን ቀይራለች፣ ቼክ ቦክሶቹን የሚያያይዘውን ማክሮም አስነስታዋለች። በአንዱ ምድብ ላይ የጠዋት ወይም የከሰዓት ፈረቃ መምረጫውን ሳጥን አልጨመረችም፤ ለምን ብላት፣ "ከሰዓት የሚማር የለምና ማን ይመርጠዋል?" አለችኝ። ልክ ናት።

የቀረው የቀበሌዎች ዝርዝር ነው። የቀበሌ ስም ከኮምቦ እንዲመረጥ ካልተደረገ የስሙ ችግር እዚያም ይደገማል፤ ካሁኑ የአንዱ ቀበሌ ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተጽፎ አይቻለሁ። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚነግረን ወረዳው ነው፤ ነገ በደብዳቤ ልንጠይቅ ተስማምተናል። ደብዳቤውን የምትጽፈው እሷ ናት።